«አብዷል» የሚለው ማን ነው?

በሕይወት ያለን ውሻ መርምሮ «የእብድ ውሻ በሽታ የለበትም» ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ምርመራ የለም። ደሙ ቢቀዳ፣ ምራቁ ቢወሰድ፣ የሚገኘው ውጤት ውሻውን ነፃ ለማለት አይበቃም። ምክንያቱ የቫይረሱ አካሄድ ነው። ቫይረሱ ከተነከሰው ቦታ ተነስቶ በደም ሳይሆን በነርቭ ክር ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አከርካሪ፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው በውሻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል፤ ወራት የሚፈጅበት ጊዜም አለ። በእነዚህ ሳምንታት ውሻው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጅራቱን ይቆላል፤ ደሙ ውስጥም የሚያዝ ነገር አይገኝም። ቫይረሱ ወደ ምራቅ ዕጢ የሚወርደው አንጎል ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን በምራቁ ውስጥ አንዴ ይገኛል፣ አንዴ ይጠፋል። ስለዚህ እርግጡ የሚታወቀው አንጎሉ ሲመረመር፣ ማለትም ውሻው ከሞተ በኋላ ነው።

ውሻው ልጅ ነክሶ ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ ግን መልሱ የሚፈለገው ዛሬ፣ አሁን ነው። በዚህ መሀል ሁሉም የየራሱን መልስ ይዞ ይመጣል። ጎረቤት ከአያቱ የሰማውን ምልክት ይናገራል፣ የመድኃኒት ሱቅ ሻጩ መርፌ ያቀርባል፣ ባሕላዊ አዋቂው ሥር ይቆፍራል። የእንስሳት ሐኪሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው የማይወደውን መልስ ይሰጣል፤ «እንጠብቅ» ይላል።

ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ የቡ፣ ሰቃ፣ ሸቤ፣ ውሻ የማይታጣባቸው ናቸው። ውሻ እዚህ ሥራ አለው። ከጥቅምት እስከ ጥር ቡናው ሲለቀም፣ አልጋ ላይ የተሰጣውን ጀንፈል ሌሊት ከዘበኛው ጋር የሚጠብቀው እሱ ነው። በጫካ ዳር ካለው የበቆሎ ማሳ ጦጣና ከርከሮ የሚያባርረውም እሱ ነው። ጅብ በሌሊት ወደ ሰፈር ሲጠጋ ቀድሞ ይጮሃል፤ ከጅብና ከቀበሮ ጋር ቀድሞ የሚነካከሰውም እሱው ነው። አብዛኛው ባለቤት አለው፣ ነገር ግን አይታሰርም። ሌሊት ግቢ ይጠብቃል፣ ቀን በገበያና በቄራ አካባቢ ይውላል። በለቀማ ወራት ደግሞ ውሾቹን የማያውቁ፣ ውሾቹም የማያውቋቸው ለቃሚዎች ከሌላ አካባቢ ይመጣሉ። «ውሻ ነከሰኝ» የሚለው ነገር ከዚህ ሁሉ መሀል ይነሣል፤ አብዛኛው ንክሻም ከእብደት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ችግሩ አብዛኛውን ከጥቂቱ መለየት ላይ ነው።

የበሽታው ስም ራሱ ያሳስታል። አማርኛው «የእብድ ውሻ በሽታ» ይለዋል፤ በጅማ አካባቢ የሚነገረው አፋን ኦሮሞም «ዱኩባ ሰሬ መራቱ» ሲል ያንኑ ማለቱ ነው። ስሙን የሰማ ሰው የሚያብድ ውሻ ይጠብቃል። ለሃጩን እያዝረበረበ የሚሮጥ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚናከስ፣ ድንጋይና እንጨት የሚያኝክ ውሻ ይጠብቃል። እንዲህ ያለው በእርግጥ አለ። ሌላው መልክ ግን ጸጥ ያለ ነው። ውሻው ጥግ ይይዛል፣ ጨለማ ይፈልጋል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ መንጋጋው ይወርዳል፣ የኋላ እግሩ ይሰንፋል፣ ከዚያ ተኝቶ ይሞታል። አንድም ሰው ሳይነክስ የሚሞት አለ። «ደንግጦ ነው»፣ «የሆነ ነገር በልቶ ነው»፣ «መትተውት ነው» ይባልና ሬሳው ወደ ገደል ይጣላል።

በሰፈር ከሚደረጉት መለያዎች ሁሉ ሥር የሰደደው የውሃው ነው። ጎድጓዳ ሳህን ላይ ውሃ ይቀርባል፤ ውሻው ከጠጣ «ጤነኛ ነው» ይባላል፣ ከሸሸ «አብዷል»። ይህ መለያ የተወሰደው ከሰው ነው። በበሽታው የተያዘ ሰው ውሃ ለመጠጣት ሲሞክር ጉሮሮው በኃይል ይኮማተራል፤ በኋላ ላይ ውሃ ማየቱ፣ አንዳንዴም ስለ ውሃ ሲወራ መስማቱ ብቻ ያንን ስቃይ ይቀሰቅሰዋል። ውሻ ላይ ይህ አይታይም። ያበደ ውሻ ውሃ ይጠጣል፣ ወንዝ ይሻገራል፤ ጉሮሮው ሽባ ሲሆን ደግሞ ለመጠጣት እየታገለ ውሃው ከአፉ ይመለሳል። በውሃ የተፈተነ ውሻ «አለፈ» ተብሎ ከልጆች ጋር እንዲያድር ሲደረግ ፈተናው ራሱ አደጋ ሆነ ማለት ነው።

ከውሃው የሚብሰው «አጥንት ተሰንቅሮበታል» የሚለው ግምት ነው። ውሻው አፉን ከፍቶ ይቆማል፤ መንጋጋው ተንጠልጥሏል፣ ለሃጩ በክር ይወርዳል፣ ይውጣል ግን አይወርድለትም። ባለቤቱ ትናንት አጥንት እንደሰጠው ያስታውሳል። ሩኅሩኅ ሰው ስለሆነ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በአንድ እጁ መንጋጋውን ይዞ፣ በሌላው እስከ ጉሮሮው ድረስ ይዳስሳል። ጣቱ ላይ ቡና ሲለቅም የተላጠ፣ ወይም ማጭድ የጫረው ቁስል ካለ ቫይረሱ የሚፈልገውን በር አገኘ። ልምድ ያለው የእንስሳት ሐኪም መንጋጋው የወረደ ውሻ ሲመጣለት አስቀድሞ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ «አባባ፣ እጅዎን አያስገቡ፤ ማንም ሰው እንዳያስገባ።» አጥንቱን ከዚያ በኋላ በጓንትና በመሣሪያ ይፈልገዋል፤ ካለ።

ሌሎቹ መለያዎች ቀለል ያሉ ናቸው። የአፍንጫ መድረቅ አንዱ ነው፤ በእንቅልፍ፣ በፀሐይ፣ በምድጃ ዳር በመተኛት የማንኛውም ጤነኛ ውሻ አፍንጫ ይደርቃል። ትኩሳት የሚለካው በቴርሞሜትር ነው። ጤነኛ ውሻ ከሰው ይሞቃል፣ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል፤ በእጁ ዳስሶ «ግሏል» የሚል ሰው ጤነኛውን ውሻ ሁሉ በሽተኛ ሊያደርግ ይችላል። አውሮፓውያንም ከዚህ አልተሻሉም። ሮማዊው ፕሊኒ ከጻፈበት ዘመን ጀምሮ ከቡችላ ምላስ ሥር «ትል» የሚሉትን ጅማት ቆርጠው ካወጡ ውሻው እንደማያብድ ያምኑ ነበር። ልማዱ ከአሥራ ስምንት መቶ ዓመታት በላይ ቆየ፤ የጠቀመው ውሻ ግን አልነበረም።

በሌላ በኩል ያበደ የሚመስል ግን ያላበደ ውሻም ብዙ ነው። ዲስቴምፐር የሚባለው የውሾች ቫይረስ አንጎል ላይ ሲወጣ ያንቀጠቅጣል፣ መንጋጋ ያንገጫግጫል፣ አረፋ ያስደፍቃል። ከተሞች ባለቤት አልባ ውሾችን ለመቀነስ ሥጋ ውስጥ ሲያደርጉት የኖሩት ስትሪክኒን የተባለው መርዝም ውሻን ያንዘፈዝፋል፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ያስደነግጠዋል። ከእንዲህ ያለ ውሻ ፊት የቆመ ሐኪም በዓይኑ ብቻ አይቶ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሊምል አይችልም። የሚምል ካገኙ መጠርጠር ያለበት ሐኪሙ ነው።

እዚህ ላይ «ሐኪም» የሚባለው ማን እንደሆነ ማየት ይገባል። በኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ቢሾፍቱ ላይ ነው። በጅማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተከፈተው ተቋም አድጎ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆኗል፤ ለአካባቢው ሐኪም ያስመርቃል። ይሁን እንጂ በየወረዳው ያለው አገልግሎት የተቀረጸው ለከብት ነው። በሬው፣ ላሟና በጉ ገንዘብ ናቸው፤ ውሻ ወደ ክሊኒክ የሚመጣው ነክሶ ወይም ሊሞት ሲል ነው። በብዙ ቦታ ያለው መሣሪያም ቴርሞሜትር፣ የልብ ማዳመጫ፣ ማይክሮስኮፕ ካለ ማይክሮስኮፕ ነው። ሰዉ ደግሞ የዲግሪ ሐኪሙንም፣ የዲፕሎማ ረዳቱንም፣ የእንስሳት መድኃኒት ሱቅ ሻጩንም እኩል «ዶክተር» ብሎ ይጠራል። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ምክሩ ግን እኩል አይደለም። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 መድኃኒት የሚሸጠው ሰው ፈቃድ እንዲኖረው የሚጠይቀው ይህን ልዩነት ለማስጠበቅ ነው። ስለዚህ «ዶክተር፣ ትምህርትዎ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ሊሆን አይገባም።

ከመሣሪያ ይልቅ ሐኪሙ የሚተማመንበት ምርመራ ዋጋ የማያስከፍል ነው፤ አሥር ቀን መጠበቅ። የነከሰው ውሻ ይታሰራል ወይም ግቢ ውስጥ ይዘጋበታል፣ ምግብና ውሃ ይሰጠዋል፣ በየቀኑ ይታያል። መሠረቱ ይህ ነው፤ በውሻ ምራቅ ውስጥ ቫይረሱ የሚወጣው ምልክት ከመታየቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው፤ ምልክቱ ከጀመረ ደግሞ ውሻው በቀናት ውስጥ ይሞታል። እንግዲህ በነከሰበት ቀን ምራቁ ቫይረስ የነበረበት ውሻ አሥሩን ቀን በጤና ሊጨርስ አይችልም። በዓለም ዙሪያ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተፈትኖ የጸና ደንብ ነው፤ ለውሻና ለድመት ብቻ ይሠራል። ለጅብ፣ ለቀበሮ፣ ለጦጣ አይሠራም፤ በእነዚህ ላይ ቫይረሱ በምራቅ የሚቆይበት ጊዜ በዚያው ልክ አልተጠናም። ደንቡን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ቁጣ ነው። ሰፈርተኛው ውሻውን በድንጋይ ይገድለዋል፤ ያኔ አሥሩ ቀን የሚነግረው ነገር አብሮ ይሞታል። ጭንቅላቱ ከተፈጨማ ላቦራቶሪ የሚመለከተውም ይጠፋል።

ውሻው በአሥሩ ቀን ውስጥ ከታመመ ወይም ከሞተ አንጎሉ ይመረመራል። ከጅማ የሚሄደው ናሙና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ወይም ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። ድሮ የሚላከው ሙሉው ጭንቅላት ነበር፤ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ በበረዶ ሳጥን ውስጥ ሆኖ። አሁን ቀለል ያለ ዘዴ አለ። ራስ ቅሉ ከአንገት ጋር በሚገናኝበት ቀዳዳ በኩል የፕላስቲክ ስትሮ ወደ ዓይን አቅጣጫ እየተሽከረከረ ይገባል፤ ሲወጣ ከትንሹ የኋላ አንጎልና ከአንጎል ግንድ የተቆረጠ ቁራጭ ውስጡ ይዞ ይመለሳል። ይህን የሚያደርገው ክትባት የወሰደ ሰው፣ በጓንትና በፊት መከለያ ብቻ ነው። በላቦራቶሪው ቁራጩ መስታወት ላይ ይታተማል፣ በቀዝቃዛ አሴቶን ይጸናል፣ ከዚያ የቫይረሱን አካል ፈልጎ የሚይዝ፣ ቀለም የተለጠፈበት ፀረ እንግዳ አካል ይፈስበታል። በጨለማ ክፍል፣ በልዩ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ቫይረሱ ካለ እንደ ኮከብ የተበተነ አረንጓዴ ብርሃን ይታያል። ከሌለ ጨለማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት እንደ መለኪያ የያዙት ምርመራ ይህ ነው።

ከዚህ በፊት የነበረው ዘዴ የኔግሪ አካላትን መፈለግ ነበር። ጣሊያናዊው አዴልኪ ኔግሪ በአንጎል ሴል ውስጥ እነዚያን ነጠብጣቦች ያገኛቸው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው፤ በአጋጣሚ በአዲስ አበባ ትልቅ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ መከሰቱ የተመዘገበውም በዚያው ዓመት፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ዘዴው ለአሥርት ዓመታት የዓለም ምርመራ ሆኖ ኖረ። በኋላ አረንጓዴው ብርሃን ሲመጣና ሁለቱ ሲነጻጸሩ፣ በኔግሪ «የለበትም» ከተባሉት መካከል ቫይረሱ ያለባቸው እንደነበሩ ታወቀ። ስለዚህ ቀረ። በታላላቅ ሐኪሞች ይደገፍ የነበረ ምርመራ የተተወው ከሚሻለው ጎን ቆሞ ስለታየ ነው። ምርመራን ለማመን ሌላ መንገድ የለም።

በቅርብ ዓመታት የመጣው ፈታኝ ነገር ፈጣን መመርመሪያው ነው፤ በሁለት መስመር የሚመልስ የፕላስቲክ ካርድ። የጅማ ሕዝብ መልኩን ያውቀዋል፤ በጊቤ ሸለቆ ባሉ ጤና ኬላዎች ለወባ የሚደረገው ምርመራ ያንኑ ይመስላል፣ በኮቪድ ጊዜም ብዙ ሰው አይቶታል። ለእብድ ውሻ በሽታ የሚሸጠው ግን ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ግምገማ በገበያ ላይ የነበሩ ስድስት ዓይነት ካርዶችን በታወቀ የአንጎል ናሙና ላይ ሞከረ። በሽታውን የማግኘት አቅማቸው ከዜሮ እስከ መቶ በመቶ ተለያየ፤ ማለትም አንዱ ምንም አልያዘም፣ አንዱ ሁሉንም ያዘ፣ ሌሎቹ በመሀል ወደቁ።  የዓለም ጤና ድርጅት የተነከሰ ሰው መታከም አለመታከሙ በዚህ ካርድ ውጤት እንዲወሰን አይመክርም። በዚያ ላይ ግምገማው የተደረገው በአንጎል ናሙና ነው፤ በሕይወት ያለ ውሻን ምራቅ ነክቶ «ነፃ ነው» ማለት ጨርሶ አይቻልም።

የወባው ካርድ ራሱ ትምህርት አለው። ተፈትኖ፣ በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት አልፎ የገባ ምርመራ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በኤርትራ፣ ቀጥሎም በ2021 በታተመ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ፣ ካርዱ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርቱ የወባ ጥገኞች መኖራቸው ታወቀ። ሰውዬው ወባ ይዞት ካርዱ «የለም» ይላል። ስለዚህ አንዴ የተረጋገጠ ምርመራም እንደገና ይፈተሻል። በውሻ ላይ ከሚውሉት መካከል ግን አንዴም ያልተፈተኑ አሉ፤ ለሰው መድኃኒት የሚደረገው ዓይነት ጥብቅ ቅድመ ፈቃድ በብዙ አገር ለእንስሳት መመርመሪያ አይጠየቅም።

«ዘጠና በመቶ ትክክል ነው» የሚለው የማስታወቂያ አነጋገር ለምን እንደማይበቃ በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ለአብነት አንድ ሺህ ውሾች ይመርመሩ እንበል፤ በእውነት የታመሙት አሥር ብቻ ናቸው። ምርመራው ከታመሙት ዘጠና በመቶውን ይይዛል፣ ከጤነኞቹም ዘጠና በመቶውን በትክክል ያልፋል። ከአሥሩ ዘጠኙን ያዘ። ከ990ዎቹ ጤነኞች ግን 99ኙን በስህተት «ታመዋል» አለ። «ታመዋል» የተባሉት 108 ናቸው፤ በእውነት የታመመው ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ገጹን እናገላብጠው። ሰው ነክሰው የተጠረጠሩ መቶ ውሾች አሉ፤ ሃምሳዎቹ በእውነት ያበዱ ናቸው። ያው ምርመራ አምስቱን ያልፋቸዋል። አምስት ቤተሰብ «ነፃ ነው» ተብሎ ከክሊኒክ ይመለሳል፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ገንዘብ በተረፈበት አገርም ሰው ከዚህ አላመለጠም። በአሜሪካና በአውሮፓ የውሻን ፀጉርና ምራቅ በፖስታ ተቀብለው «ውሻዎ ለእነዚህ ሃያና ሠላሳ ምግቦች አለርጂ ነው» ብለው የሚመልሱ ድርጅቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ከጤነኛና ከአለርጂ ካለበት ውሻ ናሙና ጋር የአሻንጉሊት ፀጉርና የጨው ውሃ ቀላቅሎ ላከ። አሻንጉሊቱም አለርጂ ተገኘበት። አከፋፈሉ ግን በእውነተኛ ዶላር ነበር።

በተቃራኒው ደግሞ የተረጋገጠ ምርመራ ላልተጠየቀው ጥያቄ ሲውል ይታያል። ውሻውን ይዞ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ኢትዮጵያዊ የደም ምርመራ ይጠየቃል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ፀረ እንግዳ አካል መገኘት አለበት። አሜሪካ ኢትዮጵያን በውሻ እብደት አደጋቸው ከፍ ካሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላስገባች ወረቀቱ በጥብቅ ይታያል። ይህ ምርመራ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ክትባቱ ይዟል ወይ?» የሚለውን። «ውሻው ታሟል ወይ?» ለሚለው መልስ የለውም፤ ሰዎች ግን ወረቀቱን ይዘው «ተመርምሮ ነፃ ሆኗል» ይላሉ።

የክትባት ካርድም እንደዚሁ ይነበባል። ካርዱ መርፌ መወጋቱን ይናገራል፤ መርፌው ውስጥ የነበረው ክትባት ሕያው እንደነበረ አይናገርም። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ፣ ከጅማ እስከ ጌራና ሸቤ ባለው መንገድ ላይ ሳጥኑ ውስጥ በረዶ ነበረ ወይ የሚለው ከካርዱ ማኅተም ይበልጣል። ሐኪሙ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ውስጡ ያለውን ቴርሞሜትር ቢያሳይ ጥሩ ምልክት ነው። ለዚህም ነው የተከተበ ውሻ ሲነክስም አሥሩ ቀን የማይቀረው። ክትባቱ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይቆማል።

የባሕል መድኃኒቱ ጉዳይ ጠንከር ያለ ነው፤ በጅማ ዙሪያ የተነከሰ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ሊሆን ይችላል። የእንዶድ ሥር ለእብድ ውሻ በሽታ ይሰጣል፤ ብሳናም እንዲሁ። «ጠጥቶ ዳነ» የሚባል ሰው በየመንደሩ አለ። የዳነው ግን ከምን ነው? ከነከሱት ውሾች አብዛኞቹ ያላበዱ ናቸው፤ ባበደ ውሻ ከተነከሰውም ሁሉም አይያዝም። ውሻው ሳይመረመር፣ ያልጠጣው ሰው ከጠጣው ጋር ሳይነጻጸር «ዳነ» ማለት የውሃውን ሳህን ፈተና በሰው ላይ መድገም ነው። እንዶድ ደግሞ መርዛማ ነው፤ መጠኑ ያለፈ እንደሆነ ይገድላል።

ያው እንዶድ ግን እንዴት መፈተን እንደሚገባ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ወንዝ ዳር ሆነው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል፣ ከላይ ያሉት በሕይወት አሉ። አረፋው በሕይወት ወዳሉት እንዲደርስ አድርገው ተመለከቱ፤ ሞቱ። በዚያ አላቆሙም። ወደ ላቦራቶሪ ወሰዱት፣ መጠኑን ለኩ፣ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ በስንት ሰዓት እንደሚገድል መዘገቡ፣ ሌሎችም እንዲደግሙት አወጡት። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ፍሬው ያው የእናቶች ሳሙና ነው። እውቀት ያደረገው ከላይና ከታች ያለውን ማነጻጸሩ ነው። ለውሻ በሽታ የሚሰጠው ሥር እንዲህ ያለውን ፈተና አላለፈም።

ታዲያ የሐኪምን ምክር በምን ይመዝኑታል? ጥሩው ሐኪም የማያውቀውን ለይቶ ይናገራል። «ይህን በዓይኔ መለየት አልችልም፤ አሥር ቀን አስረው ያቆዩት፣ ልጁን ግን ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ» ይላል። ምርመራ ሲያዝ ውጤቱ ምን እንደሚቀይር ይነግራል፤ «አለ» ቢልም «የለም» ቢልም የሚሰጠው መድኃኒት አንድ ከሆነ ገንዘቡ ለምን ይወጣል? መድኃኒቱን ራሱ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይበዛል። ምርመራው ከምን ጋር ተነጻጽሮ ተፈተነ፣ የት አገር፣ በስንት ውሻ ላይ የሚለው ጥያቄ የማይመለስ ከሆነ፣ በጎረቤት ሳህን ውሃና በእሱ ካርድ መካከል ያለው ልዩነት ዋጋው ብቻ ነው። ሐኪሙ የሚያስቆጣ መልስ ስለሰጠ ወደ ሌላው መዞር የተለመደ ነው፤ ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ የሚፈልጉትን የሚናገር አይጠፋም።

የተነከሰው ሰው ግን የውሻውን ውጤት አይጠብቅም። ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ይታጠባል፤ ሰዓት ይታያል እንጂ በግምት አይተውም። በብዙ ቤት ደም ለማቆም የሚነሰነሰው የቡና ዱቄት አይደረግበትም። ከዚያ ክትባቱ በዚያው ቀን ይጀመራል፤ ቁስሉ የደማ ከሆነ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ፀረ እንግዳ አካል ቁስሉ ዙሪያ ይወጋል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች የሚፈሩት ሌላውን መርፌ ነው፤ ከበግ አንጎል ይሠራ የነበረው የፌርሚ ክትባት በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆድ ላይ ይሰጥ ነበር። ዛሬ በሴል የሚመረተው ክትባት ክንድ ላይ፣ አራት ወይም አምስት ጊዜ ይሰጣል። በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ወደ 2,700 የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፣ ብዙዎቹም ክትባቱን በጊዜ ያልጀመሩ ናቸው።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን መስከረም 18፣ በመስቀል ማግስት፣ ሉዊ ፓስተር በሞቱበት ዕለት ይታሰባል። በዚያ ሰሞን በየወረዳው ነፃ ወይም በቅናሽ የሚሰጥ ክትባት ካለ ውሻዎን በገመድ ይዘው ይሂዱ፤ ማቀዝቀዣውን ይዩ። ለነከሰ ውሻ ደግሞ ጠንካራ ሰንሰለትና የቀን መቁጠሪያ ይበቃዋል። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት በልቶ፣ ጠጥቶ፣ በአራት እግሩ ቆሞ ካገኙት፣ በነከሰበት ቀን ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም፤ የልጁም የቀሩት መርፌዎች ይቆማሉ።